ሳምንት ስንት ቀን ነው?

የኬሚስትሪ መምህራችን ፈዲሉ ግራ ሲገባው ያስታውቃል። ጠመኔ በያዘበት ጣቱ ቀኝ ጆሮውን ያሸዋል፤ ጆሮው ዱቄት የነካው ይመስላል። ጌዶ ከተማ በኖረባቸው ስድስት ዓመታት ንጹሕ ጆሮ ይዞ ከትምህርት ቤት የወጣበትን ቀን እኔ አላስታውስም። ሰውየው አላዋቂ ሆኖ አይደለም። ከማወቁ በፊት አሥር ጊዜ የሚያስብ፣ ካወቀም በኋላ አንድ ጊዜ የሚጠራጠር ፍጥረት ስለሆነ ነው።

እኔ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ነኝ፤ ሃዊ እባላለሁ፤ እንደ እናት አክብረው አዴ ሃዊ ይሉኛል። ደብዳቤ እጽፋለሁ፣ ፈተና አባዛለሁ፣ ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እዞራለሁ። ዓርብ ዓርብ ደግሞ መምህራኑ ለሚቀጥለው ሳምንት ያዘጋጁትን እቅድ እሰበስባለሁ። በዚህ ሥራ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ስለቆየሁ የመምህርን ጠባይ ከእቅዱ አውቃለሁ። ያምናውን እቅድ ቀን ብቻ ቀይሮ የሚያመጣ አለ። ቀኑን እንኳ ሳይቀይር ያመጣልኝ አለ፤ ስሙን አልናገርም፣ አሁን ኃላፊ ሆኗል።

የፈዲሉ እቅድ በእርሳስ ይጻፋል፣ በላጲስ ይጠፋል፣ እንደገና ይጻፋል። ወረቀቱ ከመሳሳቱ የተነሳ ማኅተም ስመታበት ይቀደዳል ብዬ እሰጋለሁ። ዓርብ እስኪደርስም ዝም አይልም፤ በየዕረፍቱ ቢሮዬ በር ላይ ይቆማል።

“አዴ ሃዊ፣ ሐሙስ ስብሰባ አለ የሚባለው እውነት ነው?”

“አለ ተብሏል።”

“እንግዲያው አሲድ ወደ ዓርብ ይገፋላ። አሲድ ዓርብ ከገባ ቤዝ የት ይግባ?”

“ይሄን እኔን ትጠይቀኛለህ እንዴ መምህር? አንድ ላይ ክተታቸው!”

“አንድ ላይ ብከታቸውማ ጨውና ውሃ ይሆኑብኛል፤” ይልና በራሱ ቀልድ እየሳቀ ይሄዳል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ስብሰባው ከሰዓት ይሁን ከጠዋት ይጠይቀኛል። እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ አንዳንዴ ሲመጣ ሳየው ስልክ የማናግር እመስላለሁ።

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉም አላገዘውም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ መጀመሪያ በስልክ ደረሰን፤ የታተመው መንገድ ላይ ነው ተባለ። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ አሮጌው፣ መምህሩ ስልክ ውስጥ አዲሱ፣ ተማሪው እጅ ላይ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ የተማረበት ሆነ። ፈዲሉ “ገጽ ሰማንያ ግለጡ” ሲል ግማሹ ክፍል አሲድ ላይ፣ ግማሹ ብረት ላይ ያርፋል። ሌላ መምህር ቢሆን ተናዶ ይተወዋል። እሱ ግን የሁሉንም መጽሐፍ ገጽ ቁጥር ጎን ለጎን እቅዱ ላይ ጽፎ ይዞልኝ መጣና “የቱ ነው ትክክለኛው?” አለኝ።

ትውልዱ ስልጤ ነው። ኬሚስትሪ ሊማር አምቦ ዩኒቨርሲቲ መጣና ነዒማን እዚያው አገባ። ነዒማ አምቦ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላት፤ እግራቸውን የታመሙ እናቷንም የምትጦረው እሷው ናት። ወደ ጌዶ ነይ ቢላት አትችልም። እሱ ደግሞ የተመደበው ጌዶ ነው። ዓርብ ከሰዓት በሚኒባስ በጉደር አድርጎ ወደ አምቦ ይወርዳል፣ እሁድ ከሰዓት ተመልሶ ይወጣል። ሩዋይዳ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለቻቸው።

አንድ ሰኞ ጠዋት የመምህራኑን መዝገብ ሊፈርም መጥቶ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆመ።

“ምነው?” አልኩት።

“ዓርብ ስገባ በሩን የከፈተችልኝ ሩዋይዳ ናት። ከዚያ ወደ እናቷ ዞራ ‘ያ ሰውዬ መጣ’ አለቻት።”

ልስቅ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። “ልጅ አይደለች፣ ምን ታውቃለች” አልኩት። “ልጅ ናት” አለ እሱም። ከዚያ በሌላ መምህር ስም ትይዩ ፈርሞ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የፈዲሉ ሐሳብ አንድ ብቻ ሆነ፤ ወደ አምቦ መዛወር።

በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የዝውውር ማስታወቂያ ወጣ። መዛወር የሚፈልግ መምህር ፎርም ይሞላል፤ ሱፐርቫይዘሩ አንድ ቀን ክፍል ገብቶ ያየዋል፣ ትምህርቱን ከሳምንቱ እቅድ ጋር ያስተያያል፣ ነጥብ ይሰጣል። ከሰማንያ በታች ያገኘ ፎርሙ ከጌዶ አይወጣም። ለሳይንስ መምህር ደግሞ ቅጹ ላይ “ተግባራዊ ሙከራ” የሚል ሳጥን አለ፤ እሱ ባዶ ከሆነ ሰማንያ መድረስ ዘበት ነው። ርዕሰ መምህራችን ኦቦ ንዋይ “ነጥቡን አምጣ እንጂ እኔ አልይዝህም” አሉት።

ፈዲሉ ለዚህ ቀን ያስቀመጣት ነገር ነበረችው። በሩ ላይ “ላብራቶሪ” ተብሎ የተጻፈበት አንድ ክፍል አለ፤ የተሰባበረ ወንበር ይከማችበታል። ተማሪዎቹ አሳጥረው “ላብ” ይሉታል፤ ውስጡ ገብቶ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘት በእርግጥም ያልባል። ፈዲሉ ከዚያ ሲፈትሽ አንዲት የማግኒዥየም ሽቦ ቁራጭ አግኝቷል፤ ርዝመቷ የሌባ ጣት ያህላል። በመድኃኒት ብልቃጥ ከቶ ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያው ውስጥ አኖራት። በእሳት ስትያዝ እንደ መብረቅ ታበራለች አለኝ። የሚያነዳት ሱፐርቫይዘሩ በመጡ ቀን ነው።

ሱፐርቫይዘሩ ኦቦ ጅሩ ይባላሉ። ማክሰኞ ጠዋት ስልክ ደወሉልኝ። “ጉያ ቶርባ ቦዳ ነን ዱፋ” አሉኝ፤ ከሰባት ቀን በኋላ እመጣለሁ ማለታቸው ነው። እኔም ማስታወሻዬ ላይ “7 ቀን” ብዬ ጻፍኩ። የሚቀጥለው ማክሰኞ መሆኑን ለራሴ ማብራራት አላስፈለገኝም።

ያኑ ዕለት ፈዲሉ ሲመጣ ማተሚያው ወረቀት ነክሶብኝ ግማሽ ክንዴ ውስጡ ነበር።

“ኦቦ ጅሩ ደወሉ?”

“ደውለዋል። በሰባተኛው ቀን ይመጣሉ።”

ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። በሩ ላይ ሲደርስ አንድ ነገር አለ። “ሰኞ ነዋ” ያለ ይመስለኛል። ይመስለኛል ነው የምለው። ያኔ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ ወይስ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ሰማሁ ብዬ ያሰብኩት ነው? ይሄን ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኩት የማውቀው እኔ ነኝ፤ አሁንም አልጠራልኝም።

ዓርብ እቅዱን አመጣ። ለአሥረኛ ቢ ሰኞ “የብረታ ብረት ኦክሳይድ፣ ተግባራዊ ሙከራ” ይላል፤ ማክሰኞ “የቤት ሥራ እርማት”። አየሁት፣ ማኅተም መታሁበት፣ አንዱን ኮፒ ወደ ወረዳ ላክሁ። ሰኞ ሙከራ ማድረጉ አላስገረመኝም። ሱፐርቫይዘር ሊመጣ ሲል ትምህርቱን አንድ ቀን ቀድሞ አስተምሮ፣ ተማሪውን “ነገ እንደማታውቁ ሁኑ” ብሎ፣ በማግስቱ መድገም የታወቀ ነገር ነው። ፈዲሉም ለመጀመሪያ ጊዜ ብልጥ ሆነ አልኩ በሆዴ። እንዲያ ያለውን ብልጠት እሱ እንደማይችልበት ማሰብ ነበረብኝ። ያን ሳምንት ቅዳሜና እሁድንም አምቦ አልወረደም፤ ሲዘጋጅ ዋለ።

የአሥረኛ ቢን ነገር የምሰማው ከቤቴ ነው። ልጄ ለንሳ እዚያ ክፍል ናት። አባቷ በነቀምቴ መስመር ሾፌር ነው፤ ጥሎን ከሄደ አራት ዓመት ሆነ፣ መኪናዋ በየሳምንቱ በጌዶ ታልፋለች፣ እሱ ግን አይወርድም። ከዚያ ወዲህ ልጄ ዝምተኛ ሆነች፤ ውጤቷም ወረደ። የመለሳት ኬሚስትሪ ነው። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ቀቅላ በውሃው ሎሚውንም አመዱንም ሳሙናውንም እየፈተነች ወጥ ቤቴን አመሰችው። እቆጣለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር፤ ቢያንስ እያወራች ነው።

ሰኞ ለምሳ መጥታ ስትነግረኝ ጉርሻዋን እንኳ አልዋጠችም ነበር።

“አዮ፣ ዛሬ ማግኒዥየም አቃጠልን! ግን መምህሩ እንቢ እያለ ነበር። ሽቦዋን በብርጭቆ ወረቀት ይጠርጋል፣ ያስቀምጣታል፣ የባለፈውን ትምህርት ይጠይቀናል፣ ደግሞ ያነሳትና ይጠርጋታል። ቦንሳ ‘መምህር፣ ሊደወል ነው’ ባይለው ኖሮ አያነዳትም ነበር።”

“ከዚያስ?”

“በቀጥታ እንዳታዩት፣ ዓይን ይጎዳል አለና ለኮሳት። ክፍሉ በሙሉ ነጭ ሆነ! አመዱን ውሃ ውስጥ ጨመረው፤ ቀይ የነበረው የሊትመስ ወረቀት ወደ ሰማያዊ ተቀየረ። ሁላችንም አጨበጨብን።” ጉርሻዋን ዋጠች። “እሱ ግን ደስ አላለውም።”

ይሄን ሰምቼ ወጡን ጨለፍኩላት። ምንም አልገባኝም ነበር።

ከሰዓት ቢሮ ስገባ ፈዲሉ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

“ኦቦ ጅሩ ምነው ቀሩ?”

“ነገ ናቸው እንጂ!”

“ነገ?” አለ። “ሰባተኛው ቀን አላልሽኝም?”

“ማክሰኞ ነዋ ሰባተኛው ቀን!”

እሱ ጣቱን መቁጠር ጀመረ፤ እኔም ጣቴን። የእሱ ሰባት ሰኞ ላይ አለቀ፣ የእኔ ማክሰኞ ላይ። እንደገና ቆጠርን፤ ያው ሆነ። እኔ ስህተቱ የእሱ ነው ብዬ ተናደድኩ፤ እሱ ደግሞ እንደ ልማዱ ስህተቱ የራሱ ነው ብሎ አመነ።

“ማግኒዥየሟ አልቃለች፤” አለ በመጨረሻ።

“ሌላ የለም?”

“አምቦ ካልሆነ የለም። ከሰዓት ሁለት ክፍል አለኝ።” ጆሮውን ያሸው ጀመር። “በሎሚና በአመድ ሌላ ሙከራ ልሠራ እችላለሁ። ግን እቅዱ ማክሰኞ እርማት ነው የሚለው። ሙከራ ከሠራሁ ከእቅዱ ወጣሁ። እቅዱን ከተከተልኩ ሳጥኑ ባዶ ነው። አዴ ሃዊ፣ እቅዱን ልቀይረው?”

“ማኅተም የመታሁበትን ወረቀት አልቀይርም! ኮፒው ወረዳ ደርሷል።”

እንዲህ ነው ያልኩት። ድምፄም ከፍ ያለ ነበር። የተናደደ ሰው አፉን መዝጋት አለበት ይላሉ፤ እኔ ከንዴቴ ጋር አፌ ነው የሚከፈተው። ፈዲሉ “ልክ ነሽ” አለና ሄደ።

ማክሰኞ ኦቦ ጅሩ መጡ። ቁመተ ረጅም ስለሆኑ የተማሪ ዴስክ ውስጥ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አልገባ ብሎ በጎን ተቀመጡ። የእቅዱን ፋይል ይዤ እንድገባ ስላዘዙኝ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፈዲሉ ገብቶ ቀኑን ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ የሰኞን ቀን ነው የጻፈው። አንዲት ልጅ አረመችው። ከዚያ የቤት ሥራውን ማረም ጀመረ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያስተምረው የኖረውን ማግኒዥየም ኦክሳይድን ሲጽፍ ከኦክስጅኗ ግርጌ ሁለት ቁጥር ጨመረባት።

ቦንሳ እጁን አወጣ። “መምህር፣ ሁለቷ ከየት መጣች?”

ፈዲሉ ወደ ሰሌዳው ዞሮ አያት። “ከየት መጣች?” አለ እሱም። ልጆቹ ሳቁ። ሊያሾፍ አልነበረም፤ እውነትም ከየት እንደመጣች አላወቀም።

“መምህር፣ የትናንቱን ለእንግዳው እናሳያቸው!” አለ ደግሞ ቦንሳ።

“እቃው አልቋል” አለ ፈዲሉ።

ኦቦ ጅሩ ወደ እኔ ዘንበል ብለው “ልምምዱን አበዙትና ለእኔ ሳይተርፍ ቀረ” አሉኝ። ልምምድ እንዳልነበረ ያኔ አውቄያለሁ። አፌን ከፍቼ እንዲህ ነው ማለት እችል ነበር። ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ብትጠይቁኝ አፍሬ ነው እላለሁ፤ ማፈር ብቻ ስለመሆኑ ግን አልምልም።

ነጥቡ ስልሳ ስድስት ሆነ። ሳጥኗ ላይ ሰረዝ ተሰመረባት። ኦቦ ጅሩ ፎርሞቹን ዓርብ ጠዋት አጠቃልዬ እልካለሁ ብለው ሄዱ። ፈዲሉ ውጤቱን አይቶ “ይሁን” አለ። ከዚያ ነዒማ ጋ ሊደውል ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ኪሱ ከተተው፣ ደግሞ አወጣው። እኔ በመስኮት እያየሁት ነበር፤ ሳይደውል ደወል ተደወለ።

ረቡዕ ከሰዓት ቤት ስገባ የለንሳ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። የሰኞው ሙከራ ሪፖርት ነው። ፈዲሉ ተማሪዎቹን “በዓይናችሁ ያያችሁትን ጻፉ፣ ከመጽሐፍ አትገልብጡ” እያለ ይጨቀጭቃቸዋል። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ ቀስ እያልኩ ነው ያነበብኩት። ሽቦዋ ነጭ ብርሃን ሰጠች ይላል። ነጭ ጭስ ወጣ፤ የቀረው አመድ ነጭ ነው። ከዚያ በታች በዚያው ልቅም ባለ ጽሑፏ እንዲህ ብላለች፦ “ብርሃኑን በቀጥታ እንዳናይ ስለተነገረን መምህሩን አየሁ። መምህሩም ብርሃኑን አላየም። በሩን ነው ያየው።”

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት ያስቀመጣትን ሲያነድ አላያትም። እኔ የነገርኩትን ሰው ነው ሲጠብቅ የነበረው።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ በራሱ መጣ እንጂ እኔ አልጠራሁትም። ዝም ብል ፈዲሉ ጌዶ ይቀራል። እሱ ከቀረ የለንሳ መምህር አይጠፋም። ምንም መሥራት አያስፈልገኝም፤ ዓርብ እስኪያልፍ ዝም ማለት ብቻ ነው። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ ተከተለ፤ ያ “ሰኞ ነዋ” ያለውን ሰምቼ ኖሮ ቢሆንስ? ሰምቼ፣ ይሄንኑ አስቤ፣ ዝም ብዬ ቢሆንስ? አይደለም እላለሁ፤ ማተሚያው ውስጥ ክንዴ ነበር እላለሁ። ግን የገዛ ሆዴን እንደ ሰው ሆድ እየጠረጠርኩት ስዞር አመሸሁ።

ሐሙስ ጠዋት ደብተሩን ከለንሳ ተበድሬ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

“ኦቦ ጅሩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መምህሩ እርስዎን የጠበቀው ሰኞ ነው።”

“ለምን ሰኞ? እኔ ስንት ቀን አልኩሽ?”

“ሰባት።”

“አንቺስ ስንት አልሽው?”

“ሰባት።”

“ታዲያ ምኑ ጠፋ?”

“ጠፋ እንጂ! በእኛ በኦሮምኛው ሳምንት ቶርባን ነው፤ ከቶርባ፣ ከሰባት የወጣ። በአማርኛው ግን ሳምንት ከስምንት ነው። ‘የዛሬ ስምንት’ ነው የሚሉት፤ የዛሬውንም ቀን አንድ ብለው ይቆጥሩታል። ስለዚህ እኔ ስምንት ብዬው ቢሆን ማክሰኞ ይሆንለት ነበር። ሰባት ስለው አንድ ቀን የጎደለው ሳምንት ሆነበት።”

ኦቦ ጅሩ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ማክሰኞን አንድ ብለው ጀመሩና ሰኞ ላይ ሰባት አሉ። ረቡዕን አንድ ብለው ጀመሩና ማክሰኞ ላይ ሰባት አሉ። “ያ ዋቃ!” ብለው ፈጣሪያቸውን ጠሩና በወዲያኛው ጠረጴዛ ወደ ተቀመጠው ሠራተኛ ዞሩ። “ፊራኦል፣ ሳምንት ስንት ቀን ነው?”

“ሰባት ነዋ።”

“ታዲያ ለምን ሳምንት ተባለ?”

ፊራኦል ጣሪያውን አየ። “እንጃ” አለ። ከዚያ እሱም ጣቱን መቁጠር ጀመረ።

“የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አውቃለሁ፤” አልኩ። “ግን ሙከራው ተሠርቷል። እቅዱ ላይ አለ፣ ማኅተም አለው፣ ይኸው ደብተር ላይም ቀኑ አለ።”

ደብተሩን ተቀብለው አነበቡ። “መምህሩን አየሁ” የሚለው ጋ ሲደርሱ ሳቁ። ቀጣዩን ሲያነቡ ሳቃቸውን አቆሙ።

“ይቺ ልጅ የማን ናት?”

“የእኔ ናት።”

መነጽራቸውን አወለቁ። “መምህሩ ሲሄድ ማን ያስተምራታል? በምትኩ ሰው ቶሎ ይመጣል ብለሽ እንዳትጠብቂ።”

“አውቃለሁ።”

“አስበሽበት ነው የመጣሽው?”

“ብዙ እንዳላስብ ብዬ ባጃጅ ይዤ ነው የመጣሁት።”

ቅጹን ከፋይሉ አውጥተው ሰረዟን ሰረዙና ሳጥኗን ሞሉ፤ ከጎኑም ምክንያቱን ጽፈው ፈረሙ። ነጥቡ ሰማንያ አራት ሆነ። እዚያው እቅፍ አድርጌ ላመሰግናቸው ይሁን ወረቀቱን ልቀዳድደው አላወቅኩም።

ደብዳቤው በየካቲት ደረሰ። የተጻፈው በኦሮምኛ ስለሆነ ፈዲሉ እኔ ጋ ይዞት መጣ።

“አምቦ ነው የሚለው?”

“አምቦ ነው።”

“አምቦ ከተማው ውስጥ?”

“ከተማው ውስጥ። እንደገና ላንብብልህ?”

ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። በሦስተኛው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ እንባውን የጠረገው በዚያው በጠመኔ እጁ ነው፣ አቃጠለውና ባሰበት። ኦቦ ጅሩ ሁሉን ነግረውት ኖሮ “አዴ ሃዊ፣ ሰባቱም ያንቺ፣ ስምንቱም ያንቺ። አላህ ይስጥልኝ” አለኝ። “አትመርቀኝ መምህር” አልኩት። ትሕትና መሰለው።

ዓርብ በአንድ ሻንጣ ሄደ። አሥረኛ ቢዎች እስከ መናኸሪያው ሸኙት፤ ለንሳ አልሄደችም።

ሰኞ የሳምንቱን እቅዶች ለርዕሰ መምህሩ ሳስገባ አንድ ጎድሏል። “ኬሚስትሪን ክፍት በይው፤” አሉኝ ኦቦ ንዋይ። “ሰው እስኪመጣ ልጆቹ በዚያ ክፍለ ጊዜ ኳስ ይጫወቱ።” ክፍት ብዬ ጻፍኩ። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ክፍት ጽፌያለሁ፤ እጄ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም።

ለንሳ ለምሳ ስትመጣ እግሯ አቧራ ነበር። ሳትታጠብ ማዕዱ ላይ ተቀመጠች።

“ነጥቡ አልደረሰም ተብሎ ነበር እኮ፤” አለች። “ማን አስተካከለለት?”

ሌላ ሰው ልል አሰብኩ። ማን ልበል?

“እኔ።”

“ደብተሬን የወሰድሽው ለዚያ ነው?”

“ለዚያ ነው። ልጄ፣ ሰውየው ልጅ አለችው። አራት ዓመቷ ነው። አንዲት ልጅ አባቷ ቤቷ ገብቶ እንዲያድርላት ብትፈልግ ይፈረድባታል?”

ለንሳ እንጀራውን ቆርሳ ያዘችው እንጂ አልጎረሰችውም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

“እኔስ?” አለችኝ።